የጎመን ሱባኤ

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ መሪጌታ ወልደ ጻድቅ ግን የራሳቸውን ወሬ በገዛ ጆሯቸው ሰሙት። ገና አልነጋም። የመሐል ሜዳን ከተማ የታኅሣሥ ውርጭ ጨምድዶ ይዟት ውሻው እንኳ መጮኹን ትቷል። ወደ ጓሮ ሊወጡ ተነሥተው፣ በመኝታቸውና በሳሎኑ መካከል የተንጠለጠለውን መጋረጃ ሊገልጡ እጃቸውን እንደዘረጉ፣ ልጃቸው ወሰንየለሽ በስልክ ስታወራ ሰሙ። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋለች፤ ሰው ድምፁን ዝቅ ሲያደርግ ደግሞ ነው ጆሮ የሚቆመው።

«አይ ቄስ ይሥሐቅ፣ አባባን አሁን ማግኘት አይቻልም። ሱባኤ ይዘዋል። አዎ፣ እስከ ገና። ከሰው አይነጋገሩም፤ እኛንም በምልክት ነው የሚያዙን። ዛሬ ለገበያ ከመጣችሁማ ምን ይደረጋል፣ በሩን ተሳልሞ መሄድ ነው እንጂ።»

መሪጌታ መጀመሪያ የሌላ ሰው አባት መሰላቸው። «የታደለ ሽማግሌ» ሊሉ ምንም አልቀራቸውም። ይሥሐቅ የሚለው ስም ዘግይቶ ሲገባቸው ግን የዘረጉትን እጅ መለሱ። ይሥሐቅ የገዛ ተማሪያቸው ነው፤ ዛሬ የጥድ አምባ ማርያም አስተዳዳሪ። ጥድ አምባ ማርያም ከዘመሮ ወዲያ ያለች ደብር ናት፤ መሪጌታ ሠላሳ አንድ ዓመት ወንበር ዘርግተው ቅኔ ያስተማሩባት። የዛሬ ዓመት በኅዳር «ዓይንዎን ሞራውን እናስገፍፍና በወሩ ይመለሳሉ» ብላ ከዚያ ያመጣቻቸው ይህችው ወሰንየለሽ ናት። ሞራው ተገፈፈ፤ ዓይናቸው ዛሬ የወደቀ ላባ ከሩቅ ይለያል። ወሩ ግን እስካሁን አላለቀም። ጉባኤው ሊበተን እንደሆነ፣ የቀሩት አራት ተማሪዎች ብቻ እንደሆኑ በመስቀል ሰምተዋል፤ ከዚያ ወዲህ መጥተው ይወስዱኛል እያሉ ሲጠብቁ፣ ጥሪው ለካ መጥቶ በልጃቸው እጅ ቀርቷል።

ወሰንየለሽ ስልኩን ዘጋችና ጫማውን ወደሚያስረው ባሏ ዞረች። «ምን ላድርግ ታዲያ? እሳቸው ከሄዱ ይህን ሁሉ ጎመን ማን ያጠጣዋል? ስልሳ ዶሮ አፏን ከፍታ!» ባሏ በኃይሉ ወደ ደብረ ብርሃን የሚመላለስ ሚኒባስ ነጂ ነው፤ ሰው ሲጭንና ሲያወርድ ስለሚውል ቤት ውስጥ ቃል አያወጣም። ቁልፉን አንሥቶ ወጣ።

ለምን መጋረጃውን ገልጠው አልወጡባትም? የሚል ይኖራል። ልጁን በውሸት የያዘ አባት እሱው የዋሸ ያህል ያፍራል፣ ሌላ ምን ይባላል። ደግሞም ልጅ ናት፣ ታስብበትና ራሷ ትነግረኛለች አሉ። ዝም ብለው ጋቢያቸውን ተከናንበው በጓሮ በር ወጡ፣ ወደ ጎመኑ።

ግቢው ከበሩ እስከ ዶሮ ቤቱ ሃያ ስድስት እርምጃ ነው፤ በዓመት ውስጥ ስንቴ እንደለኩት እግዜር ይወቀው። ዙሪያው ቆርቆሮ ነው፣ ከቆርቆሮው በላይ ሰማይ ነው። በግድግዳው ጥግ አፈር በተሞላ የማዳበሪያ ከረጢትና ለሁለት በተሰነጠቀ ጀሪካን ጎመን፣ ቆስጣና ሰላጣ ተሰልፎ በቅሏል፤ ከዳር ዳር ዶሮዎቹ ጉንፋን ሲይዛቸው የሚከተፍላቸው ነጭ ሽንኩርት፣ ጦስኝና ጤና አዳም አለ። ሌላው ሰው በክረምት ያለማውን ቅጠል በታኅሣሥ ውርጭ ይበላበታል፤ የመሪጌታ ጎመን ግን ማታ ማታ የመንዝ ባና፣ ያንን ወፍራም የሱፍ ብርድ ልብስ ይለብሳል። ባናው ቅጠሉን እንዳይጫነው መካከሉን ከፍ የሚያደርግ ምሰሶ ይፈልጋል። ምሰሶው የመሪጌታ መቋሚያ ነው። አምና የመጀመሪያው ውርጭ የወረደ ዕለት ሌላ እንጨት ጠፋና «ለአንድ ሌሊት ነው» ብለው ራሳቸው ሰጡ፤ ሠላሳ አንድ ዓመት ማኅሌት የቆሙበት መቋሚያ ከዚያ ወዲያ ጭቃ ውስጥ ተተክሎ ያድራል። ለአንድ ሌሊት የተባለ ነገር በዚህ ቤት ዓመት ይሞላዋል።

ጎመኑን ግን ይወዱታል፣ ይህን መደበቅ አይቻልም። ውርጭ ያደረቀውን ቅጠል ፀሐይ ሳታላላው መንካት እንደሚሰብረው፣ ውኃው ጠዋት ሳይሆን ረፋድ ላይ መጠጣት እንዳለበት፣ ከሥር ያለው ቅጠል ሲቀነጠስ ልቡ ካልተነካ እንደሚተካ፣ ይህን ሁሉ ማንም ሳያስተምራቸው አወቁት። በበጋ መኖ ብቻ የምትበላ ዶሮ የእንቁላሏ አስኳል ይነጣል፤ የእሳቸው ቅጠል የገባላት እንደ እርድ ቢጫ ታወጣለች። በከተማው ያለ አንድ ሆቴል ለገና የወሰንየለሽን እንቁላል ካልሆነ ሌላ አልወስድም ብሏል፤ በጾሙ የሚበላው ስለሌለ በየቀኑ የተጣለው ሁሉ በገለባ ተደርድሮ ገናን ይጠብቃል። ዶሮዎቹንም በስም ያውቋቸዋል። ከሁሉ አጭሯን በአጭሩ ቅኔ ስም ጉባኤ ቃና ይሏታል፤ ጩኸቷ ማለቂያ የሌለውን ደግሞ በረጅሙ፣ መወድስ። ተማሪ ያጣ መምህር ምን ያድርግ!

ፀሐይ ቆርቆሮውን ስትነካ ወሰንየለሽ ለሱቋ ተለባብሳ ወጣች። ሱቋ መናኸሪያው አጠገብ ነው።

«እንዴት አደሩ አባባ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ማን ነበር ማለዳ የደወለው?»

«ማለዳ? እህ፣ መኖ ነጋዴው ነዋ!» አለችና ስለ መኖ ማውራት ጀመረች። ኩንታሉ ላይ ደግሞ እንደጨመረ፣ ባለፈው ወር ከጨመረው በላይ እንደሆነ፣ ይህ ጎመን ባይኖር ዶሮዎቹን ሸጣ እጇን አጣጥፋ እንደምትቀመጥ፣ ጎረቤት ያሉት ሰዎች ሁሉንም አርደው እንደጨረሱ አንድ ባንድ ነገረቻቸው። ዓይኗን ከጎመኑ አላነሣችም። መሪጌታ ፊቷን ፊቷን እያዩ ጠበቁ፤ አሁን ትለኛለች፣ አሁን ትለኛለች። እሷ ግን የራሷን ሻርፕ ፈትታ አንገታቸው ላይ ጠመጠመችላቸው። «ብርድ እንዳይመታዎ። ምሳዎ ተሸፍኖ ተቀምጧል፣ ከቅዳሴ መውጫ በፊት እንደማይቀምሱ አውቃለሁ፤ በኋላ ግን ይብሉ፣ ባዶ ሆድዎን አይዋሉ።» እውነቷን ነው፣ ትወዳቸዋለች። ባትወዳቸው ነገሩ ምንኛ በቀለለ።

«ዛሬ ገበያ ነው፤ ሌባው ብዙ ነው» አለች ከበሩ ደርሳ። «ከውጭ ቆልፌው እሄዳለሁ።»

«እንደ ወትሮው።»

«እንደ ወትሮው» አለችና ወጣች። ቁልፉ ቀጭ አለ።

መቆለፍ የተጀመረው በጥቅምት ነው። መሪጌታ አንድ ጠዋት ዳዊታቸውን ይዘው ወጡና መናኸሪያ ገብተው የዘመሮ አውቶቡስ ላይ ተቀመጡ። ረዳቱ የበኃይሉ ባልንጀራ ነበርና ለሚስቱ ደወለላት። መንገደኛው «ሽማግሌው ጠፍተው ነው» እያለ ከንፈሩን መጠጠ። ወሰንየለሽ ከሱቋ በነጠላ ጫማ ሮጣ መጥታ፣ ሕዝብ ፊት እያለቀሰች እጃቸውን ይዛ አወረደቻቸው። እሳቸው አልጠፉም ነበር፤ የሚሄዱበትን ያውቁ ነበር። ግን የሚያለቅስ ልጅ ፊት ማን ይከራከራል? ከዚያ ወዲያ ነው ሌባ የበዛው።

ብቻቸውን ሲቀሩ ግን መሪጌታ አልከፋቸውም፤ እንዲያውም ቀለል አላቸው። በር ቢቆለፍ አፍ አልተቆለፈ! ይሥሐቅ እንደሆነ በሩን ሊሳለም ይመጣል፤ ሲመጣ «ሱባኤ የለኝም፣ ቁልፉን ከልጄ ተቀብለህ ና» ይሉታል፤ ይኸው ነው። ዛሬ ማታ ዘመሮ፣ ነገ ጥድ አምባ። ሞት ሲመጣም ከወንበራቸው ላይ ያገኛቸዋል እንጂ ከዶሮ መካከል አይወስዳቸውም። ባናውን ከጎመኑ ገፈው አጠፉት። መቋሚያውን ከጭቃው ነቅለው በጋቢያቸው ጫፍ እየጠረጉ አበሱት፤ ከግርጌው ያለው ብረት ዝጓል። ቅጠሉን ለመጨረሻ ጊዜ ነው ብለው አንድ በአንድ አጠጡ፣ ለዶሮዎቹም ከወትሮው እጥፍ ቀንጥሰው በተኑ። ከዚያ ገብተው ታጠቡና ነጩን ጥምጥማቸውን ጠመጠሙ፤ ዳዊታቸውን በማኅደሩ ከተቱ፣ አንድ ሸሚዝ ጠቀለሉ፣ በርጩማ አውጥተው ከበሩ ሥር ተቀመጡ። ምሳውን አልነኩትም፤ መንገደኛ ሆዱን አይሞላም።

ገበያተኛው ሲያልፍ ይሰማሉ። በግ ይጎተታል፣ አህያ ይነዳል፣ ባጃጅ ጡሩንባ ይነፋል፤ ሁሉም ከቆርቆሮው ወዲያ ነው። ስድስት ሰዓት ላይ ሁለት ሰዎች ቆሙ። አንዱ ሳለ፤ ሳሉን ለዩት፣ ተማሪ እያለ ጀምሮ ሊናገር ሲል ይስላል። ይሥሐቅ ነው። ከእሱ ጋር ያለው የደብሩ ሽማግሌ ጋሽ አፈወርቅ እንደሆነ አተነፋፈሱ ነገራቸው። ሁለቱም በሩን ሲሳለሙ ቆርቆሮው ተንኳኳ።

«መምህር» አለ ቄስ ይሥሐቅ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «አይመልሱልን። ሱባኤዎን ልንፈታ አልመጣንም፤ በረከትዎን ተቀብለን ልንሄድ ነው።»

«ይሥሐቅ! ልጄ! ምን ሱባኤ አለኝና ነው! በል ቶሎ ቁልፉን ከወሰንየለሽ ተቀብለህ ና፣ ልብሴን ጠቅልዬ እየጠበቅኋችሁ ነው!»

ጋሽ አፈወርቅ በድንጋጤ «ተናገሩ እኮ!» አለ።

«እኛ ነን ያናገርናቸው፣ ይቅር ይበለን!» አለ ይሥሐቅ። «አፍዎን ይያዙ መምህር፣ ስለ እመቤታችን!»

«አትሰማም እንዴ? የለኝም እኮ ነው የምልህ! ሱባኤ አልያዝኩም!»

«ሰማህ፣ ጋሽ አፈወርቅ?» አለ ይሥሐቅ። «ሱባኤ የያዘ ሰው መች ይዣለሁ ይላል? እሳቸው አይደሉም እንዴ ያስተማሩኝ? ‹ጾምህን ከጎረቤትህ ሰውር፣ ጸሎትህን ከባልንጀራህ ሰውር፤ ቢጠይቁህም ካድ› ይሉን ነበር። ይኸው አሁን ሲሰውሩ!»

እውነት ነው፣ ብለውታል። ሠላሳ አንድ ዓመት ለየተማሪው ብለዋል። መሪጌታ ላብ አጠመቃቸው፤ በዚያ ብርድ! «ከውጭ ተቆልፎብኝ ነው!» ብለው ጮኹ።

«ባሕታዊ ራሱን አስቆልፎ ይቀመጣል» አለ ጋሽ አፈወርቅ እንደሚያውቅ ሰው።

«ልጄ ናት...» አሉ መሪጌታ። ልጄ ዋሸቻችሁ ሊሉ ነበር። ይህ ወሬ ዛሬውኑ ከገበያተኛው ጋር ወደ ዘመሮ ይወርዳል፤ የመሪጌታ ወልደ ጻድቅ ልጅ አባቷን ቆልፋ የዶሮ ጠባቂ አደረገች ይባላል፤ በየሰንበቴው ስሟ ይነሣል። ሊሉት ሞከሩ፣ አልወጣም። በዚህ ፈንታ ዘወር ብለው ከአጠገባቸው ካለው ከረጢት ጎመን ጨምድደው ነቀሉ፤ ሥሩ ከነአፈሩ መጣ። ተንበርክከው በበሩ ሥር ባለው ክፍተት ወደ ውጭ ገፉት። «እዩት! ይኸውላችሁ ሱባኤዬ! ዓመት ሙሉ ሥራዬ ይህ ነው፣ ቅጠል ነው! ጎመን ነው! ሌላ የለኝም!»

ጎመኑ ከመሬት ሲነሣ አዩ፤ አንድ ሻካራ እጅ በክፍተቱ በኩል አፈሩን ሳይቀር ለቀመው።

«ቅጠል» አለ ጋሽ አፈወርቅ። እያለቀሰ ነው። «ቅጠል እየበሉ ነው፣ ይሥሐቅ። እንደ ቀድሞዎቹ አባቶች። አፌ ይቆረጥ፣ እኔ ደግሞ ልጃቸው ቤት ተመችቷቸው ረሱን ስል ነበር!»

«ለዶሮ ነው! የዶሮ ጎመን ነው!» አሉ መሪጌታ። ምን ዋጋ አለው፤ አንዴ ቅዱስ ያሉት ሰው ማጉረምረሙም ቅዳሴ ነው። ጋሽ አፈወርቅ ጎመኑን ሳመው፤ ሲስመው ተሰማ። ሚስቱ ታማ ከተኛች ወር ሆኗታል፣ ቀቅሎ ያጠጣት ዘንድ በነጠላው ጫፍ ቋጠረው።

ቄስ ይሥሐቅ እንደገና ሳለ። «መምህር፣ የመጣነው ወደ ወንበርዎ ልንመልስዎ ነበር። አሁን ግን ከዚህ ማዕረግ አውጥቼ ከአራት ሕፃናት ጋር ባጨቃጭቅዎ ፈጣሪ ምን ይለኛል? እሳቸው ማስተማሩን አልፈውታል ብዬ ለሰበካው እናገራለሁ። ተማሪዎቹንም ወደ ሌላ ደብር፣ ወደ መምህር ቴዎፍሎስ እሰዳቸዋለሁ። ጉባኤውን ዘጋነው ማለት ነው፤ እርስዎ ግን በጸሎትዎ አይርሱን።»

«ይሥሐቅ! አትዝጋው! አንተ ልጅ፣ ተመለስ!» መቋሚያውን አንሥተው ቆርቆሮውን መቱት። ጓ! ጓ! በመቱት ቁጥር የሁለቱ እርምጃ እየፈጠነ፣ እየራቀ ሄደ፤ መምህራቸውን ከፈተና እያዳኑ ነው። ጋሽ አፈወርቅ እየሮጠ «ይፍቱን አባታችን!» ሲል የመጨረሻውን ሰሙት። ከዚያ በግ ጎታቹ፣ ባጃጁ፣ ገበያው ብቻ ቀረ።

መሪጌታ ወደ በርጩማው ተመለሱ። መጀመሪያ ሳቅ መጣባቸው፤ እንዴት አድርጌ ነው ያስተማርኩት፣ አንዲት ቃል አልጣለም! ቀጥሎ ንዴቱ መጣ፤ በይሥሐቅ አይደለም፣ በልጃቸውም ብቻ አይደለም፣ ያችን አንድ ቃል መዋጥ ባቃታት፣ ማውጣትም ባቃታት ጉሮሯቸው ነው። መጨረሻ ላይ አለቀሱ። ዕድሜ ልካቸውን የተናገሩት ሁሉ ሲታመንላቸው ኖሮ፣ እውነቱን ብቻ የተናገሩባት አንዲት ቀን ላይ የሚያምን ጠፋ። ጉባኤ ቃና መጥታ ጎመኑ የተነቀለበትን አፈር በእግሯ ጫረች። አላባረሯትም። ጥምጥማቸውን አልፈቱም፤ ጥቅሉንም አላስገቡም። እንቁላሉን ግን በሰዓቱ ሰብስበው በገለባው ደረደሩ፤ የለመደ እጅ መቼ ይተኛል።

ወሰንየለሽ ስትመለስ ፀሐይ ገደሉን ጨርሳ ወርዳለች፤ አየሩ መናከስ ጀምሯል። ቁልፉን ከፍታ ስትገባ ጥምጥማቸውን አየች፤ ጥቅሉን አየች፤ ዳዊቱን አየች። ፊቷ ተለዋወጠ። «ቄስ ይሥሐቅ ሱቅ ብቅ ብሎ ነበር» አለች እየፈራች። «ሰላም ብሏል። ጋሽ አፈወርቅም። አልቅሶ... ምን እንደሆነ እንጃ፣ እጄን ስሞኝ ሄደ።» ስለ ገበያው ማውራት ጀመረች፤ ሰዎች ዶሮ ለገና ስንት ይደርሳል እንደሚሉ፣ ሆቴሉ እንቁላሉን ቀደም ብሎ እንደሚፈልግ። መልስ አጣችና አቆመች። «እንቁላሉ ተሰበሰበ አባባ?»

መሪጌታ እጃቸውን አንሥተው ወደ ገለባው ሳጥን አመለከቱ። በጣታቸው፣ ያለ ቃል።

ወሰንየለሽ ባለችበት ደረቀች። ማለዳ በስልክ «እኛንም በምልክት ነው የሚያዙን» ማለቷ ያኔ ትዝ አላት። «ሰምተውኛል» አለች ለራሷ ያህል። እሳቸው አንገታቸው ላይ ያለውን ሻርፕ ፈትተው አጣጥፈው በርጩማው ላይ አኖሩላት፣ መቋሚያቸውን ተመርኩዘው ተነሡና ፊታቸውን ወደ ምሥራቅ አዙረው ከቤቱ ግድግዳ ሥር ቆሙ። ጎመኑ ራቁቱን ነው፤ ባናው እንደታጠፈ ከመሬት አለ።

«አባባ፣ ውርጭ ሊወርድ ነው እኮ።» አልዞሩም። ባናውን አንሥታ ከረጢቶቹ ላይ ልትዘረጋው ሞከረች፤ እርጥቡ ሱፍ ከብዶ ቅጠሉን ተጫነው፣ የቆስጣው አንገት ሲሰበር ተሰማ። ግቢውን ዞራ እንጨት ፈለገች፤ ዓመት ሙሉ መቋሚያው ስለነበረ ማንም ሌላ ምሰሶ አላበጀም። ተመልሳ ከባናው ሥር ገባችና በራሷና በሁለት እጇ ወደ ላይ አነሣችው። ቆመች። ብትለቀው ቅጠሉ ያልቃል፣ ካልለቀቀችው እዚያው መቆሟ ነው። በኃይሉ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት በፊት አይገባም።

«መቋሚያዎን ይስጡኝ አባባ።»

ጦስኙ ከእግሯ ሥር ተረግጦ ይሸታል። ከዶሮ ቤቱ መወድስ አንድ ጊዜ ጮኸች፣ ተኛች።

«አባባ፣ እጄ ዛለ። ሱባኤ የለብዎትም እኮ! እኔ ነኝ የዋሸሁት፣ ለሁሉም እነግራቸዋለሁ፣ ነገ ዘመሮ ራሴ እወስድዎታለሁ... ብቻ ያናግሩኝ!»

መሪጌታ ወልደ ጻድቅ ሰሟት። ቀኑን ሙሉ አንድ ሰው እንዲላት የለመኑትን ቃል ነው የተናገረችው። ግን ይሥሐቅ ዘመሮ ደርሷል፣ ጉባኤው ተዘግቷል፤ እሳቸውም ከቀትር ጀምሮ፣ ማንም ሳያይ፣ ሱባኤውን በእውነት ይዘዋል። ለገና አሥራ ሁለት ቀን ቀርቶታል።